ብዙ በረራ ማለት ጠንካራ ዝምድና ማለት ነው? የአውሮፓ ከተሞች ትስስር በአየር መስመር ሲለካ

ካርታ ወዳድ (ክር ከፋች)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። የአውሮፓ ትልልቅ ከተሞች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በአየር መስመር የሚያሳይ ሠንጠረዥ እየሠራሁ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሁለት ከተሞች መካከል በሳምንት ስንት በረራ እንዳለ ቆጥሮ ከብዙው ወደ ጥቂቱ መደርደር። አንዳንዱ ውጤት ግን ሁላችንም ከምናውቀው ጋር አይገጥምም። ፓሪስና ብራስልስ የማይተዋወቁ መስለው ይወጣሉ። በእንግሊዝ ምሥራቅ በኩል ያለችው ትንሿ ሃምበርሳይድ ግን ከአምስተርዳም ጋር የቅርብ ዘመድ ሆና ትታያለች። በርሊን የጀርመን ዋና ከተማ ሆና ሳለ ከፍራንክፈርትና ከሙኒክ በታች ትወድቃለች። ደብሊንና ለንደን ደግሞ ከሁሉም በላይ አናት ላይ ናቸው።

የበረራ ቁጥር ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ በደንብ የምታውቁ ሰዎች እዚህ አላችሁ። የትኛው የጎደለ ነገር የትኛውን ውጤት እንዳመጣ አንድ በአንድ ብናየው ደስ ይለኛል። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹን በ24 ሰዓት እንጻፍ፤ እንዳንደናገር።

---

ሠሌዳ አንባቢ

ከሃምበርሳይድ ልጀምር፤ የሌላውም መፍቻ እዚያ ስላለ።

ከሃምበርሳይድ፣ ከኖርዊች ወይም ከቲሳይድ ተነስቶ አምስተርዳም የሚያርፈው የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን 88 ወይም 100 መቀመጫ ያለው ትንሽ ኤምብራየር ነው። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የአምስተርዳምን ከተማ አያዩም። ማረፊያው ስኪፖል ይወርዳሉ፣ ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር በያዘው ተርሚናል በእግር ይሻገራሉ፣ ከዚያ ወደ ሲንጋፖር ወይም ወደ ሂውስተን ይሄዳሉ። የለንደኑ ዋና ማረፊያ ሂትሮው በመሙላቱ ብዙ የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ከተሞች ወደዚያ የሚበር አውሮፕላን አጥተዋል፤ የራሳቸው አገር መናኸሪያ (መንገደኛ ከአንዱ በረራ ወደ ሌላው የሚቀይርበት ትልቅ ማረፊያ) ሲዘጋባቸው ባሕሩን ተሻግረው የሆላንዱን ተጠቀሙ። ስለዚህ የሃምበርሳይድና የአምስተርዳም መስመር የሚያሳየው ሃምበርሳይድ ከቀረው ዓለም ጋር ያላትን ግንኙነት ነው።

መናኸሪያ አየር ማረፊያ የሚሠራው በሞገድ ነው። ጧት ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ አውሮፕላኖች ተከታትለው ይገባሉ፣ ሰውና ሻንጣ ይቀያየራል፣ ከዚያ ሁሉም ተከታትለው ይወጣሉ። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አንድ መንገደኛ ከአንዱ ወርዶ ሌላውን ለመያዝ የሚፈቀድለት ትንሹ ጊዜ በየማረፊያው የተወሰነ ነው፤ ቪየና 25 ደቂቃ፣ ፍራንክፈርት 45 ደቂቃ። ቪየና ወደ ባልካንና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ በርከት ያሉ ከተሞችን ማገናኘት የቻለችበት አንዱ ምክንያት ይህ አጭር ጊዜ ነው።

ሠሌዳውን አይተህ መለየት ትችላለህ። በረራው መናኸሪያው ጋ የሚደርሰው የመውጫው ሞገድ ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት ከሆነ፣ የተሠራው ለሚቀጥሉ ሰዎች ነው። ማታ አውሮፕላኑ የት እንደሚያድርም እይ። ትንሿ ከተማ አድሮ 6:00 ላይ የሚነሳ ከሆነ የሚያገለግለው ከዚያች ከተማ የሚወጣውን ሰው ነው። መናኸሪያው ጋ አድሮ ጧት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ወደ ትንሿ ከተማ ለሥራ የሚሄድ ሰው አለ ማለት ነው።

---

ሐዲድ

ፓሪስና ብራስልስን ያራራቃቸው ባቡሩ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ፈጣኑ መስመር በ1997 ተጠናቆ ጉዞው 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ ሆነ። ኤር ፍራንስም በ2001 የራሱን በረራ አቋርጦ መንገደኞቹን ከብራስልስ ሚዲ ጣቢያ በባቡር ወደ ፓሪሱ ማረፊያ ሻርል ደ ጎል ያስገባ ጀመር። ሁለቱ ከተሞች በብዛት ይመላለሳሉ፤ በአውሮፕላን ስላልሆነ ያንተ ሠንጠረዥ አያያቸውም።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፦

ኮሎኝና ፍራንክፈርት፦ ፈጣኑ መስመር በ2002 ተከፈተ፣ ሉፍታንዛ በ2007 በረራውን አቆመ። የፍራንክፈርት አየር ማረፊያ የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያ ከ1999 ጀምሮ ከተርሚናሉ ጋር በድልድይ የተያያዘ ነው፤ ከዚያ ኮሎኝ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ማድሪድና ባርሴሎና፦ አይቤሪያ በ1974 «የአየር ድልድይ» የተባለውን አገልግሎት ጀመረ፤ መንገደኛው ቦታ ሳይዝ ይመጣል፣ ቀጥሎ በሚነሳው አውሮፕላን ይሳፈራል። በዓለም እጅግ ከሚጨናነቁት መስመሮች አንዱ ነበር። የካቲት 2008 ላይ 621 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ተኩል የሚጨርስ ባቡር ገባ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከግማሽ በላይ የሆነው መንገደኛ ወደ ሐዲዱ ዞረ። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ዊጎና አቭሎ፣ በ2022 መጨረሻ ኢርዮ የሚባሉ ተፎካካሪ ባቡሮች ገብተው ዋጋውን ስለሰበሩት የአውሮፕላኑ ድርሻ ይበልጥ ጠበበ።

ለንደንና ፓሪስ፦ ዩሮስታር በኅዳር 1994 ጀመረ። በእንግሊዝ በኩል ያለው ፈጣን መስመር በኅዳር 2007 ሲያልቅ ጉዞው ወደ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ወረደ።

ሒሳቡን ከቤት ደጅ እስከ ቢሮ ደጅ ካልሠራኸው ባቡሩ ለምን እንደሚያሸንፍ አይገባም። ማድሪድና ባርሴሎና በአየር 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ናቸው። ወደ ማረፊያው 35 ደቂቃ፣ ፍተሻና መሳፈሪያ 60 ደቂቃ፣ ሲደርሱ ወደ ከተማ 40 ደቂቃ ስትጨምርበት 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ባቡሩ ከ3 ሰዓት በታች በሚወስድበት መስመር አውሮፕላኑ ይሸነፋል፣ ከ4 ሰዓት በላይ ሲሆን ያሸንፋል፤ በመሃል ያለው ትግል ነው። ለንደንና አምስተርዳም ልክ መሃል ላይ ናቸው፤ ባቡሩ 4 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እንግሊዝ ከሼንገን (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ካነሱት የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ስለሆነች የፓስፖርት ፍተሻው ከመሳፈር በፊት ይደረጋል፤ ለዚያ የሚሆን አዳራሽ ስላልነበረ ከአምስተርዳም ቀጥታ ወደ ለንደን የሚሄደው ባቡር ከሰኔ 2024 እስከ የካቲት 2025 ቆሞ፣ መንገደኛው ብራስልስ ወርዶ ይፈተሽ ነበር። የአንድ ጣቢያ አዳራሽ ስፋት የሁለት ትልልቅ ከተሞችን የበረራ ቁጥር እንዲህ ይወስናል።

---

ትዕግሥት መ.

ሐዲድ ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። ባቡሩ ያሸነፈባቸው መስመሮች ላይ የሚቀሩት በረራዎች ባሕርያቸው ይለወጣል። ከሻርል ደ ጎል ወደ ሊዮን አውሮፕላን አሁንም አለ፤ ከሊዮን ተነስቶ በፓሪስ በኩል ሩቅ የሚሄደውን ሰው ይጭናል። ፈረንሳይ በ2021 ያወጣችውና በግንቦት 2023 በደንብ ያጸናችው ሕግ፣ በባቡር ከ2 ሰዓት ተኩል በታች የሚደረስባቸውን የአገር ውስጥ በረራዎች ይከለክላል። በተግባር የነካው ከሌላው የፓሪስ ማረፊያ ከኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ናንትና ቦርዶ የሚሄዱትን ሦስት መስመሮች ብቻ ነው፤ ወደ ሻርል ደ ጎል የሚሄዱት ቀጣይ ጉዞ ስለሚመግቡ ተረፉ። ካርታ ወዳድ፣ ባቡር ባለበት መስመር የቀረውን በረራ ስታይ «ሁለቱ ከተሞች እንዲህ ይገናኛሉ» ከማለትህ በፊት ትራንዚቱን አውጣለት።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብራስልስ ሚዲ ጣቢያ የአየር መንገዶች ኮድ አለው፤ ዜድ ዋይ አር። የኮሎኝ ዋና ጣቢያም ኪው ኬ ኤል ነው። አየር መንገዶች ባቡሩን በራሳቸው የበረራ ቁጥር ስለሚሸጡት የጊዜ ሰሌዳ ዳታ ውስጥ እንደ በረራ ተመዝግቦ ይገኛል። የአውሮፕላኑ ዓይነት በሚጻፍበት ዓምድ ቲ አር ኤን የሚል ካየህ ባቡር ነው፣ ቢ ዩ ኤስ ካየህ አውቶቡስ። ሳይወጡ ከተቆጠሩ «ከሻርል ደ ጎል ወደ ብራስልስ በቀን ብዙ በረራ አለ» የሚል ውጤት ታገኛለህ።

---

ጥያቄ አለኝ

ታዲያ የትኛውን ዳታ ይጠቀም? ነፃ የሆነ አለ?

---

ቁጥር ለቃሚ

አለ፤ እያንዳንዱ ግን የራሱ ጉድለት አለው።

ኦፕንፍላይትስ የሚባለው የመስመሮች ዝርዝር በኢንተርኔት ቀላሉ ነው፤ ተማሪዎችም የሚወዱት እሱን ነው። 67 ሺህ ገደማ መስመሮች አሉት። ግን ከሰኔ 2014 በኋላ አልታደሰም። ዛሬ የሌሉ አየር መንገዶችን ይዟል፤ ኤር በርሊን በጥቅምት 2017 መብረር አቁሟል፣ አሊታሊያ በጥቅምት 2021። ሁለቱም እዚያ ውስጥ ሕያው ናቸው። ከዚህም በላይ መስመር አለ ወይም የለም ብቻ ነው የሚነግርህ፤ በቀን 20 ጊዜ የሚበረውና በሳምንት አንዴ የሚበረው እኩል አንድ መስመር ናቸው። ስለ ዛሬ ለመጻፍ አይሆንም፤ ዘዴውን ለመለማመድ ግን ጥሩ ነው።

ዩሮስታት፣ የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ በየአገሩ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ የተጓዙ መንገደኞችን በወር፣ በሩብ ዓመትና በዓመት ያወጣል። እንደሚከተለው አድርግ።

ሀ. ሁለቱንም አቅጣጫ ደምር፤ መጀመሪያ ግን ማን እንደዘገበው እይ። የማድሪድና የፍራንክፈርት መስመር በስፔን ሠንጠረዥም በጀርመን ሠንጠረዥም ይገኛል። ሁለቱን ሠንጠረዦች ከደመርካቸው እጥፍ ይሆናል። አንዱን ምረጥ፣ ሁለተኛውን ለማመሳከሪያ ያዝ። ልዩነታቸው ጥቂት በመቶ ከሆነ ደህና ነው፤ ከዚያ ከበለጠ አንዱ ወገን ወር አጉድሏል ማለት ነው።

ለ. ማረፊያን ወደ ከተማ ሰብስብ። ለንደን ማለት ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን፣ ሲቲና ሳውዝኤንድ ነው። ፓሪስ ማለት ሻርል ደ ጎል፣ ኦርሊና 85 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ቦቬ። ሚላን ማልፔንሳ፣ ሊናቴና ቤርጋሞ። ብራስልስ ዛቬንተምና ሻርለሯ። ይህን ሳያደርጉ ለንደንን ከአምስተርዳም ማወዳደር ስድስት ማረፊያን ከአንድ ጋር ማወዳደር ነው።

ሐ. «አውሮፕላን ውስጥ የነበሩ» እና «የተጓጓዙ» የሚሉትን ሁለት ልኬቶች አትቀላቅል። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ የጉዞ ክፍል ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ይቆጥራል፤ አውሮፕላኑ መሃል አርፎ ሲቀጥል ሳይወርድ የቆየውንም ጭምር። ሁለተኛው በአንድ የበረራ ቁጥር የተጓዘን ሰው አንዴ ይቆጥራል። ሁለቱም ግን ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ወደ ሌላ የገባን ሰው አይከታተሉም። ሠሌዳ አንባቢ ያነሳውን የሃምበርሳይድ ነገር ዩሮስታት ሊፈታልህ አይችልም።

መ. እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ ቁጥሯን ከራሷ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ውሰድ፤ በየወሩ በመስመር ያወጣል። ይኸው መሥሪያ ቤት በትልልቅ ማረፊያዎች መንገደኛውን ጠይቆ ከየት እንደተነሳ፣ የት እንደሚያበቃ፣ በትራንዚት እንደሆነና ለሥራ ወይስ ለዘመድ ጥየቃ እንደሚሄድ ይመዘግባል። በነፃ ከሚገኘው ሁሉ ለአንተ ጥያቄ የሚቀርበው እሱ ነው።

የትኬት ሽያጭ መረጃ ከመነሻ እስከ መጨረሻ መድረሻ ያሳያል፤ ዋጋው ግን የተቋም ዋጋ ነው። ድሮ ከጉዞ ወኪሎች ሥርዓት ይሰበሰብ የነበረው ዓይነት ደግሞ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ቀጥታ የተሸጠውን አያይም፤ ራያንኤርና ኢዚጄት እዚያ ውስጥ ቀጭን ሆነው ይታያሉ።

በረራ ሳይሆን መቀመጫ ቁጠር። የራያንኤር ቦይንግ 737-800 መቀመጫው 189 ነው፣ የኬኤልኤም ትንሹ ኤምብራየር 88። በበረራ ብዛት እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች በሰው ብዛት ከእጥፍ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ።

---

ማለዳ

ስለ ደብሊንና ለንደን እኔ ልበል። አናት ላይ መውጣታቸው እውነት ነው፤ ከኮቪድ ወረርሽኝ በፊት በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ መንገደኛ ነበራቸው። መሃላቸው ባሕር ነው፣ ባቡር የለም። የሁለቱ አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ ወዲያና ወዲህ ይኖራሉ፣ ይሠራሉ። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ግን መስመሩ በሁለት ብሔራዊ አየር መንገዶች ስምምነት የተያዘ ነበር፤ የደርሶ መልስ ዋጋው ከ200 ፓውንድ በላይ ነበር። በ1986 ራያንኤር ከደብሊን ወደ ሉተን በ100 ፓውንድ ገደማ ሲጀምር መንገደኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ዝምድናው ቀድሞም ነበር፤ ዋጋው አፍኖት ነው። በመላው ኅብረቱ ተመሳሳይ ነፃነት የመጣው በ1987፣ በ1990 እና በ1992 በወጡት ሦስት ጥቅል ሕጎች ነው፤ ከጥር 1993 ጀምሮ የኅብረቱ አየር መንገድ በኅብረቱ ውስጥ ባሉ አገሮች መካከል በፈለገው መስመር መብረር ቻለ። ከሚያዝያ 1997 ደግሞ በሌላ አባል አገር የውስጥ መስመር ላይም።

አየርላንዶች ይህን መስመር እንዴት እንደሚሳሱለት ማወቅ የፈለገ ስሎትን ይይ። ስሎት ማለት በተጨናነቀ ማረፊያ በተወሰነ ሰዓት የማረፍ ወይም የመነሳት ፈቃድ ነው። ሂትሮው ሁለት መንደርደሪያ ብቻ አለው፣ በዓመትም ከ480 ሺህ በላይ ማረፍና መነሳት አይፈቀድለትም። በአውሮፓ ሕግ በወቅቱ ውስጥ ከተሰጠው ስሎት 80 በመቶውን የተጠቀመ አየር መንገድ በቀጣዩ ተመሳሳይ ወቅት መልሶ ያገኘዋል፤ ካልተጠቀመ ይወሰድበታል። ስለዚህ ስሎት ከወርቅ ይወደዳል፤ በ2016 አንድ የሂትሮው ጥንድ (አንድ የማረፊያና አንድ የመነሻ ስሎት) 75 ሚሊዮን ዶላር እንደተሸጠ ተዘግቧል።

አሁን በምዕራብ አየርላንድ ያለውን የሻነን ማረፊያ እዩ። በነሐሴ 2007 የአየርላንዱ አየር መንገድ ኤር ሊንገስ ከሻነን ወደ ሂትሮው ይጠቀምባቸው የነበሩትን አራት የቀን ስሎቶች ወደ ቤልፋስት እንደሚያዞር አስታወቀ፤ ከጥር 2008 ጀምሮ መስመሩ ተቋረጠ። ከሻነን ወደ ለንደን ሌላ በረራ ነበር፤ ወደ ሌሎቹ የለንደን ማረፊያዎች። በመንገደኛ ቁጥር ብታየው ጉዳቱ ትንሽ ይመስላል። የምዕራብ አየርላንድ ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች ግን ከፍ ያለ ተቃውሞ አሰሙ፤ ያጡት ለንደንን ሳይሆን በሂትሮው በኩል የሚያገኙትን የተቀረውን ዓለም ነበርና። በ2009 መስመሩ ተመለሰ። ከዚያ የተማረው የአየርላንድ መንግሥት በ2015 ኤር ሊንገስ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ባለቤት ለሆነው ለአይኤጂ ሲሸጥ 23 የሂትሮው ስሎት ጥንዶች ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዳይሸጡ አስሮ፣ ለሰባት ዓመት ደግሞ ከአየርላንድ መስመሮች እንዳይነሱ ቃል አስገባ።

ካርታ ወዳድ፣ ሠንጠረዥህ ሉተንን እና ሂትሮውን «ለንደን» ብሎ ሲደምር ይህ ይጠፋል። ለሰዎች ዝምድና ድምሩ ትክክል ነው። ለንግድ ግንኙነት ግን ማረፊያዎቹን ለያይተህ ያዝ።

---

ሠሌዳ አንባቢ

ማለዳ ያለችው ላይ ለንደን ሲቲን ጨምሩ። መንደርደሪያው 1,500 ሜትር ገደማ፣ ወደ ማረፊያው የሚወረድበት ማዕዘን 5.5 ዲግሪ ነው፤ በሌላው ቦታ 3 ዲግሪ ነው የተለመደው። ይህን የሚችለው ለዚያ ፈቃድ ያለው አውሮፕላን ብቻ ስለሆነ ትልልቆቹ አይገቡም። ከቅዳሜ ቀትር እስከ እሑድ ቀትር ይዘጋል። ከባንኮቹ ሠፈር ካናሪ ዋርፍ አጠገብ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ዙሪክ፣ ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ሉክሰምበርግ የሚበረው ነገር የገንዘብ ተቋማት ዝምድና ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ምልክቱ ከሌላው የጠራ ነው።

---

የታሪክ መስኮት

በርሊን ለምን ከፍራንክፈርት በታች ሆነች ለሚለው የገበያ መልስ ብቻ አይበቃም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ምዕራብ በርሊን መብረር የሚችሉት የሦስቱ አሸናፊ አገሮች አየር መንገዶች ብቻ ነበሩ፤ የአሜሪካኑ ፓን አም፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ። መንገዱም ወደ ሃምቡርግ፣ ወደ ሃኖቨርና ወደ ፍራንክፈርት በሚወስዱ ሦስት የአየር ኮሪደሮች ብቻ፤ ስፋታቸው 20 ማይል፣ ከፍታቸው በተለምዶ እስከ 10 ሺህ ጫማ። ሉፍታንዛ የራሱ አገር ትልቅ ከተማ ውስጥ ማረፍ አይችልም ነበር። እስከ ጥቅምት 1990 ድረስ አልበረረም። በእነዚያ ዓመታት መናኸሪያው፣ የጥገና አዳራሹ፣ ከዚያም ባንኮቹና የንግድ ትርዒቶቹ ፍራንክፈርት ላይ ተተክለው ነበር።

አገሪቱ ስትዋሐድ ያ ሁሉ ተነቅሎ አልተመለሰም። በርሊን ላይ መናኸሪያ ለመሥራት የሞከረው ኤር በርሊን ከስሯል። አዲሱ ማረፊያም ለ2012 ተባለ፣ የእሳት መከላከያው ሥራ አልተሳካም ተብሎ ተራዘመ፣ በመጨረሻ ጥቅምት 31 ቀን 2020 ወረርሽኙ መሃል ተከፈተ። ዛሬ በርሊን በአውሮፓ ውስጥ ከብዙ ከተሞች ጋር ቀጥታ ትገናኛለች፤ ረጅም በረራ ግን ጥቂት ነው። ከአውሮፓ ውጭ ካሉ ከተሞች ጋር ያላት ዝምድና በፍራንክፈርት፣ በሙኒክ ወይም በኢስታንቡል በኩል ስለሚያልፍ በእነሱ ስም ይመዘገባል።

---

ዳኑብ

የመናኸሪያ መፍረስ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ቡዳፔስትን የሚያህል ምሳሌ የለም። የአውሮፓ ኮሚሽን የመንግሥት ድጎማው ሕገ ወጥ ነው፣ ይመለስ ብሎ በወሰነ በሳምንታት ውስጥ፣ የካቲት 3 ቀን 2012 ማሌቭ መብረር አቆመ። 66 ዓመት የሠራ ብሔራዊ አየር መንገድ ነበር። ራያንኤርና ዊዝ ኤር ወዲያው አውሮፕላን አመጡ። ውጤቱ የሚገርም ነው፤ በ2011 8.9 ሚሊዮን የነበረው የማረፊያው መንገደኛ በ2012 ወደ 8.5 ሚሊዮን ብቻ ወረደ።

ቁጥሩን ብቻ ያየ «ምንም አልሆነ» ይላል። የሆነው ይህ ነው፦ በቡዳፔስት በኩል ያልፍ የነበረው ትራንዚት ጠፋ፣ ተርሚናል አንድ በዚያው ዓመት በግንቦት ተዘጋ፣ ማሌቭ ከመላው ባልካን ጋር የሠራው የቀን መመላለሻ ሳሳ። ወደ ለንደን፣ ወደ ሚላን፣ ወደ ባርሴሎና የሚወስድ ርካሽ መቀመጫ በዛ። ከተማዋ የጎረቤቶቿ መገናኛ መሆኗ ቀርቶ የሩቆቹ ከተሞች የሳምንት መጨረሻ መዳረሻ ሆነች። የጎረቤቶቹን ትራንዚት ቪየና ወሰደች።

የሚላኑ ደግሞ ተቃራኒ ነው። አሊታሊያ በመጋቢት 2008 መጨረሻ የማልፔንሳን መናኸሪያ አፍርሶ ወደ ሮም ሲመለስ፣ ማልፔንሳ ከ24 ሚሊዮን ገደማ ወደ 19 ሚሊዮን ወረደ። ሚላን ግን ሀብታም ከተማ ነች፤ የሚበር ሰው አላት። የውጭ አየር መንገዶች ለራሷ ሰው ብለው ቀስ በቀስ ገቡ። ቡዳፔስትን የጎዳው መናኸሪያ ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ረጅም በረራ ለመሙላት የሚበቃ የራሷ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

---

ትዕግሥት መ.

ዳኑብ የጠቀስከው የርካሽ በረራ ነገር ዝም ብሎ መታለፍ የለበትም። ፖላንድ በግንቦት 1 ቀን 2004 ኅብረቱን ተቀላቀለች፣ እንግሊዝም የሥራ ገበያዋን ወዲያው ከፈተች። ዊዝ ኤር የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚያው ወር በ19 ከካቶቪትሴ ወደ ሉተን ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ የፖላንድ ክፍለ ሀገር ከተሞች ከእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ከተሞች ጋር በቀጥታ ተሳሰሩ፤ ዋርሶን ሳይነኩ።

ይህ ዓይነቱ ዝምድና በሠሌዳ ላይ መልኩ ይለያል። የሥራ መስመር ከሰኞ እስከ ዓርብ ጧትና ማታ ይወፍራል፣ በነሐሴና በገና ይሳሳል። የቤተሰብ መስመር በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይበራል፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን ወይም ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ በገናና በፋሲካ ይጨናነቃል። የመዝናኛው ዓርብ ማታ ሄዶ እሑድ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ብቻ አትውሰድ። የበጋው ሠሌዳ በመጋቢት የመጨረሻ እሑድ ይጀምራል፣ የክረምቱ በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ፤ ቢያንስ ከእያንዳንዱ አንድ ተራ ሳምንት ያስፈልግሃል። ሰኔና ኅዳር ጥሩ ናቸው።

በመንግሥት ገንዘብ የሚቆም መስመርም አለ። ስትራስቡርግ የአውሮፓ ፓርላማ በዓመት 12 ጊዜ የሚሰበሰብባት ከተማ ስለሆነች አንዳንድ በረራዎቿ የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ በሚባለው ሥርዓት ይደጎማሉ። የገበያ ዝምድና ብለህ ከቆጠርካቸው ትሳሳታለህ፤ የፖለቲካ ዝምድና ናቸው፣ እሱም ዝምድና ነው።

---

ጥያቄ አለኝ

እስካሁን ሁላችሁም በረራ ዝምድናን ያሳያል ወይስ አያሳይም እያላችሁ ነው። በረራው ራሱ ዝምድናውን ይፈጥራል ብሎ የሚያረጋግጥ አለ ወይ? ሀብታም ከተማ ብዙ በረራ ቢኖራት ሀብቱ ነው ያመጣው ማለት ይቻላል።

---

ቁጥር ለቃሚ

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚረዱ ሁለት ሥራዎች አሉ። ጀርማ ቤልና ሻቪየር ፋጌዳ በ2008 ባሳተሙት ጥናት የአውሮፓ ከተሞችን ወስደው፣ አህጉር ተሻጋሪ በረራ በ10 በመቶ ሲጨምር የትልልቅ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤቶች ቁጥር 4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳዩ።

ሁለተኛው የፊሊፔ ካምፓንቴና የዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት ነው፤ በ2018 የወጣ። ብልሃቱ ደስ ይላል። በረራው ከ12 ሰዓት ሲበልጥ ተጨማሪ ሠራተኛ ስለሚያስፈልግ ወጪው ይዘላል፤ ያም ወደ 6,000 ማይል ርቀት ላይ ይወድቃል። 5,900 ማይል የሚራራቁ ሁለት ከተሞችና 6,100 ማይል የሚራራቁ ሁለት ከተሞች በሌላ ነገር ብዙ አይለያዩም። ቀጥታ በረራ የማግኘት ዕድላቸው ግን ይለያያል። ከመስመሩ በታች ያሉት ቀጥታ በረራ ይበዛላቸዋል፣ በማረፊያው ዙሪያ ያለው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴና በሁለቱ መካከል ያለው የኩባንያ ባለቤትነት ትስስርም ይበዛል። ስለዚህ በረራው ራሱ ይሠራል፤ ሀብት የጎተተው ጥላ ብቻ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ይህ ስለ ረጅም በረራ ነው። በብራስልስና በፓሪስ ርቀት ላይ አይሠራም፤ እዚያ ባቡርና መኪና ተተኪ ናቸው።

---

ኮከብ 5

ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚመለከታችሁ ካላችሁ፣ ከላይ በተነሳው የ«ውስጥ የነበሩ» ቁጥር ላይ የእኛም አሻራ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለፉት ዓመታት በቪየና በኩል ኮፐንሃገን፣ በጄኔቫ በኩል ማንቸስተር በርሯል። አውሮፕላኑ ቪየና አርፎ ሲቀጥል ከአዲስ አበባ የመጣው የኮፐንሃገን መንገደኛ ሳይወርድ ይቀጥላል፤ «ውስጥ የነበሩ» በሚለው ልኬት ግን የቪየናና የኮፐንሃገን መንገደኛ ሆኖ ይታያል። በመሃል ያለውን መቀመጫ ለሌላ ሰው መሸጥ የሚቻለው አምስተኛው የአየር ነፃነት የሚባለው መብት ሲኖር ነው።

ለመንገደኛው ደግሞ ካርታው ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት በሼንገን አገሮች የጋራ ዝርዝር ውስጥ ስላለ በማረፊያ ውስጥ ለማለፍ ብቻም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ የሼንገን ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጃፓን ሕጋዊ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካልያዘ በስተቀር። በሁለት የሼንገን ማረፊያዎች የሚያልፍ ትኬት፣ ለምሳሌ ፍራንክፈርት ከዚያ ፓሪስ ከዚያ ለንደን፣ ከበድ ይላል፤ ከፍራንክፈርት ወደ ፓሪስ የሚደረገው ጉዞ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር የመግቢያ ቪዛ ይፈልጋል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ እንዲህ ያለ ትኬት የቆረጠ ሰው መነሻው ላይ ይመለሳል። ከመግዛት በፊት ሁለተኛው ማረፊያ ሼንገን ውስጥ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። ቡልጋሪያና ሮማኒያም ከመጋቢት 31 ቀን 2024 ጀምሮ በአየር በኩል ገብተዋል፤ የቆዩ መመሪያዎች ይህን አይሉም።

---

ካርታ ወዳድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን በሦስት እከፍለዋለሁ፤ የሥራ፣ የቤተሰብና የትራንዚት። ባቡር ከ3 ሰዓት በታች ያለባቸውን ጥንዶች ለብቻቸው አወጣለሁ። አንድ የቀረኝ፦ የትኬት መረጃ መግዛት ካልቻልኩ የሥራውን መስመር ከሠሌዳ ብቻ በምን ልለየው?

---

ሠሌዳ አንባቢ

በደርሶ መልስ ፈተና። ለእያንዳንዱ ጥንድ ከሁለቱም ወገን ለየብቻ ሥራው። ተራ ማክሰኞ ውሰድ፤ ሰኞና ዓርብ የሳምንት መጨረሻ ሰው ይቀላቀልባቸዋል። ከ«ሀ» የሚነሳው የመጀመሪያ በረራ «ለ» ላይ ከ9:00 በፊት ይደርሳል? ከ«ለ» የሚመለሰው የመጨረሻው ከ18:00 በኋላ ይነሳል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ የ«ሀ» ሰው «ለ» ላይ ሙሉ የሥራ ቀን ውሎ ቤቱ ያድራል። ከዚያ ገልብጠው፤ የ«ለ» ሰውስ?

የሰዓት ልዩነቱን አትርሳ። ለንደን ከአህጉሩ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ከለንደን 7:00 ተነስቶ ፍራንክፈርት የሚሄድ ሰው የሚደርሰው 9:40 ገደማ ነው፤ ከፍራንክፈርት 7:00 የተነሳው ግን ለንደን ሲደርስ ሰዓቱ 7:40 ገደማ ነው። ስለዚህ በዚህ ጥንድ ፈተናውን ከፍራንክፈርት በኩል ማለፍ ይቀላል። ሄልሲንኪና አቴንስ ደግሞ ከመሃል አውሮፓ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ናቸው፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ጧቱን ያተርፋሉ፣ ማታ ሲመለሱ ይከፍላሉ።

በአንድ ወገን ብቻ የሚያልፉትን ጥንዶች ለብቻ አስቀምጣቸው፤ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። ያለፈው ሁሉ የሥራ መስመር ነው ብለህም አትቸኩል፤ አንደኛው ጫፍ ስኪፖል ወይም ፍራንክፈርት ከሆነ የጧቱ በረራ የመውጫውን ሞገድ የሚመግብ ሊሆን ስለሚችል፣ መድረሻ ሰዓቱን ከሞገዱ ጋር አስተያየው።